በበረሃ ተጓዳኝ ፍለጋ፦ ዝናቡ ሳያልፍ ለመራባት የሚጣደፉት ስላይም ሞልዶች

በበረሃ ዝናብ እንግዳ ነው። ሳይታሰብ ይመጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ይሄዳል። ደመናው ሲበተን የአሸዋው ገጽ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል። በወደቀ የቁልቋል ግንድ ውስጥ ወይም በእንስሳት ፋንድያ ሥር የተጠለለው እርጥበት ግን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ሙሉ የሕይወት ዑደታቸውን በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ማጠናቀቅ ያለባቸው ፍጥረታት አሉ። የአፍሪካ ቀንድ ነዋሪዎች በደንብ የሚያውቁት የበረሃ አንበጣ ከእነዚህ አንዱ ነው። ዝናብ ያራሰውን አሸዋ ጠብቆ እንቁላሉን ይጥላል፤ እርጥበቱ በቂ ሲሆንም ቁጥሩ በፍጥነት ይጨምራል።

አንበጣ ግን ክንፍ አለው። በርሮ ተጓዳኝ መፈለግ ይችላል። ስላይም ሞልድ የሚባለው ፍጥረት ደግሞ ሕይወትን የሚጀምረው በዓይን የማትታይ አንዲት ሕዋስ ሆኖ ነው። ይህች ሕዋስ በእርጥበቱ ጊዜ መብላት፣ መብዛት፣ ተጓዳኝ ማግኘት፣ ማደግና ዘሯን ለነፋስ መስጠት ይጠበቅባታል። ይህ ሁሉ መጠናቀቅ ያለበት ሁሉም ነገር ዳግም ከመድረቁ በፊት ነው።

ተጓዳኝ ባታገኝስ? ይህ ጥያቄ ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ለመራባት ለምን ሁለት መሆን አስፈለጋቸው ከሚለው ትልቅ የሥነ ሕይወት እንቆቅልሽ ጋር የተሳሰረ ነው። ስላይም ሞልዶች ለጥያቄው አንድ ሳይሆን ሁለት መልስ አላቸው። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ።

ስላይም ሞልድ ምንድን ነው?

ስሙ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ሲመለስ "ዝልግልግ ሻጋታ" እንደማለት ነው። ስሙ ግን ያሳስታል። ስላይም ሞልድ ሻጋታ አይደለም፤ ከእንጉዳይም ሆነ ከእርሾ ወገን አይመደብም። ለረዥም ጊዜ ከፈንገሶች ጋር የተቆጠረው ፍሬው ትንንሽ እንጉዳይ ስለሚመስልና እንደ ፈንገስ በስፖር ስለሚሰራጭ ነበር።

ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሄንሪክ አንቶን ደ ባሪ ግን እአአ በ1850ዎቹ ማብቂያ ላይ የእነዚህን ፍጥረታት የሕይወት ዑደት በማይክሮስኮፕ ተከታትሎ፣ ምግባቸውን ሰልቅጠው የሚበሉና የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው ከፈንገስ ይልቅ ወደ እንስሳት እንደሚቀርቡ ተከራከረ። ዛሬ የዘረ መል ጥናቶች ከአሜባዎች ወገን መድበዋቸዋል።

እስካሁን አንድ ሺህ ያህል ዝርያዎች ስም ወጥቶላቸዋል። ብዙዎቹ በጫካ፣ በበሰበሰ ግንድና በረገፈ ቅጠል ላይ ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ቢጫ፣ ሌሎቹ ነጭ ወይም ቀይ ናቸው። በሚመገቡበት ወቅት እንደ ፈሰሰ የእንቁላል አስኳል መስለው መሬት ላይ ሲዘረጉ ይታያሉ።

ለዓለም ይበልጥ የተዋወቀው ዝርያ ፊሳረም ፖሊሴፋለም ይባላል። አንጎል የለውም፤ ነርቭም የለውም። ሆኖም የጃፓን ተመራማሪዎች እአአ በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በቶኪዮ ዙሪያ ባሉ ከተሞች አቀማመጥ ልክ የአጃ ፍሬ ሲበተንለት ከከተማዋ የባቡር መስመሮች ጋር የሚወዳደር ቀልጣፋ መረብ ዘርግቶ ምግቡን ማገናኘት ችሏል። እአአ በጥቅምት 2019 ደግሞ የፓሪስ የእንስሳት መካነ ርዕይ "ብሎብ" በሚል ቅጽል ስም ለጎብኚዎች አቅርቦት የዓለም መገናኛ ብዙኃን መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

በደረቅ ምድር የት ይኖራሉ?

እርጥበት ወዳድ የሆነ ፍጥረት በበረሃ ይገኛል ብሎ ለማመን ይከብዳል። ነገር ግን ከአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ እስከ ሜክሲኮ የሚዘልቀው የሶኖራ በረሃ፣ የቺሊው አታካማ እንዲሁም ክረምቱ እጅግ ቀዝቃዛ የሆነው የምዕራብ ካዛኪስታን በረሃ ሁሉም የየራሳቸው የስላይም ሞልድ ማኅበረሰብ እንዳላቸው ጥናቶች አሳይተዋል።

ምስጢሩ መኖሪያቸው ላይ ነው። ቁልቋል በሕይወት ሳለ ውኃ የሚያከማች ተክል ነው። ሞቶ ሲወድቅ ውስጡ እንደ ስፖንጅ እርጥበትን ይዞ ይበሰብሳል፤ ብስባሹም በባክቴሪያና በእርሾ ይሞላል። ለስላይም ሞልድ ይህ ምግብም መጠለያም ነው። ባድሃሚያ ሜላኖስፖራ የተባለው ዝርያ ከዚህ ዓይነት መኖሪያ ጋር በእጅጉ ተዛምዷል። በትግራይና በኤርትራ በለስ የሚሰጠው ቁልቋል የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። በትውልድ አገሩ የዚህ ተክል ወገን የሆኑ ቁልቋሎች የበሰበሰ ቅጠል መሰል አካል ስላይም ሞልድ ከሚለቀምባቸው ዋነኛ ስፍራዎች መካከል ነው።

በአታካማ ዓመታት ያለ ዝናብ ሊያልፉ ይችላሉ። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሳው ጉም ግን የባሕር ዳርቻውን ተክሎች ያረሰርሳል። እአአ በ2012 በስፔንና በሜክሲኮ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከዚህ በረሃ የተገኘ፣ ፊሳረም አታካሜንሴ የሚል ስም የተሰጠው አዲስ ዝርያ ከነሙሉ የሕይወት ዑደቱ ይፋ አድርገዋል።

ሁለተኛው መኖሪያ የዕፅዋት በል እንስሳት ፋንድያ ነው። ከላይ ሲታይ ደረቅ የመሰለው በጠጥ ወይም ኩበት ዝናብ ሲያገኘው ውኃውን ስቦ ያስቀራል። ሦስተኛው የዛፍና የቁጥቋጦ ቅርፊት ነው። በደረቅ ምድር ቅርፊት ላይ የሚበዙት እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ዝርያዎች ናቸው። አካላቸው ከአንዲት ፍሬ በላይ የማያፈራ ቢሆንም፣ ትንሽነታቸው ቶሎ እንዲያፈሩ ያስችላቸዋል።

ከስፖር እስከ ስፖር

የመራባታቸውን ጉዳይ ለመረዳት የሕይወት ዑደታቸውን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

መነሻው ስፖር ነው። አንዲት ስፖር በአብዛኛው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ የምታክል ናት። ነፋስ እንደ አቧራ ይዟት ይሄዳል። ወፍራም ቅርፊቷ ከድርቀት ይጠብቃታል፤ በደረቅ ቤተ ሙከራ ሣጥን ውስጥ አሥርት ዓመታትን ካሳለፉ በኋላ ውኃ ሲያገኙ የበቀሉ የስላይም ሞልድ ስፖሮች ተመዝግበዋል።

ውኃ ስታገኝ ቅርፊቷ ይከፈትና አሜባ ይወጣል። ዙሪያው በውኃ የተሞላ ከሆነ አሜባው ሁለት ጅራፍ መሰል ክሮች አብቅሎ ይዋኛል፤ ውኃው ሲቀንስ ክሮቹን ሰብስቦ በእርጥብ ገጽ ላይ ይድሃል። ባክቴሪያ እየበላ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። በዚህ ደረጃ ድርቀት ቢመጣ አሜባው ራሱን በሽፋን ጠቅልሎ ይተኛል፤ እርጥበት ሲመለስ ይነቃል።

የዚህ አሜባ ክሮሞሶም ልክ እንደ ሰው የዘር ሕዋስ ነጠላ ነው። ስለዚህ የሚስማማው ሌላ አሜባ ሲገጥመው ሁለቱ ይዋሐዳሉ፤ ኒውክለሶቻቸውም አንድ ይሆናሉ። ይህ የስላይም ሞልድ ጋብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው አስገራሚ ነው። የተዋሐደችው ሕዋስ ኒውክለሷ ደጋግሞ ይከፈላል፤ ሕዋሷ ግን አትከፈልም። ውጤቱ ሺዎች፣ አንዳንዴም ሚሊዮኖች ኒውክለሶችን በአንድ ሽፋን ውስጥ የያዘች አንዲት ግዙፍ ሕዋስ ናት። ሳይንቲስቶች ይህንን አካል ፕላዝሞዲየም ይሉታል። የወባ በሽታ አምጪው ተውሳክም ተመሳሳይ ስም አለው፤ ሁለቱ ግን በፍጹም የተለያዩ ፍጥረታት ናቸው።

ፕላዝሞዲየሙ እየተሳበ ይመገባል። ሲደርቅበት ጠጥሮ ቅርፊት መሰል ይሆንና ዝናብ ይጠብቃል። ምግቡ ሲያልቅና ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ወደ ብርሃንና ወደ አየር ወጥቶ ፍሬ ይሆናል። በፍሬው ውስጥ ሜዮሲስ በተባለው የሕዋስ ክፍፍል ጥንዱ ክሮሞሶም ዳግም ነጠላ ይሆናል፤ የሁለቱ ወላጆች ዘረ መልም ተበርዞ ለአዳዲሶቹ ስፖሮች ይከፋፈላል። ነፋሱ ቀሪውን ይሠራል።

ከሁለት በላይ የሆነ ፆታ

"የሚስማማው አሜባ" ሲባል ምን ማለት ነው? ወንድና ሴት የሚባል ነገር እዚህ የለም። ሁሉም አሜባዎች በመልክም በመጠንም ተመሳሳይ ናቸው። ልዩነቱ ያለው በዘረ መላቸው ውስጥ ነው።

ይህንን ካብራሩት ሳይንቲስቶች መካከል ጥቁር አሜሪካዊው ኦኒል ሬይ ኮሊንስ በቀዳሚነት ይጠቀሳል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያስተማረው ኮሊንስ፣ እአአ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዲዲሚየም አይሪዲስ የተባለውን ዝርያ ወስዶ ከአንድ አንድ ስፖር ብቻ የተገኙ አሜባዎችን ለየብቻ አሳደገ። ከአንዲት ስፖር የተገኙት እርስ በርሳቸው ፕላዝሞዲየም አልሠሩም። ከሌላ ስፖር ከመጡት ጋር ሲቀላቀሉ ግን አንዳንዶቹ ተጣመሩ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሳይጣመሩ ቀሩ።

ማብራሪያው የሚከተለው ነው። በዘረ መላቸው ውስጥ መጣመርን የሚወስን አንድ ስፍራ አለ። በዚህ ስፍራ ላይ ብዙ ዓይነት ቅጂዎች ሊቀመጡ ይችላሉ። ሁለት አሜባዎች የሚጣመሩት ቅጂያቸው የተለያየ ከሆነ ብቻ ነው። ተመሳሳይ ከሆነ ጎን ለጎን ቢኖሩም ተጓዳኝ አይሆኑም።

በፊሳረም ፖሊሴፋለም ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በዚህ ዝርያ መጣመርን የሚወስኑት ሦስት ስፍራዎች ናቸው፤ አንዱ 16፣ ሁለተኛው 15፣ ሦስተኛው 3 ዓይነት ቅጂ አለው ተብሎ ሲሰላ 720 ጥምረት ይሰጣል። የፓሪሱ መካነ ርዕይ "720 ፆታ ያለው ፍጥረት" የሚል ዜና የተሠራለት በዚህ ምክንያት ነበር።

ይህ ሁሉ ዓይነት ለምን አስፈለገ? ቀላል ስሌት ያስረዳል። ፆታ ሁለት ብቻ ቢሆንና እኩል ቢሰራጭ፣ በመንገድ ላይ የተገኘ ባዕድ ተስማሚ የመሆን ዕድሉ ግማሽ ነው። አሥር ዓይነት ቢኖር ዕድሉ ወደ 90 በመቶ ያድጋል። ዓይነቱ በበዛ ቁጥር ያገኙትን ባዕድ ሁሉ ማጣመር የሚቻል ይሆናል ማለት ነው።

በአንጻሩ ለወንድምና እህቶች በሩ ጠባብ ነው። ከአንድ ፍሬ የወጡ ስፖሮች ከወላጆቻቸው የወረሱት ቅጂ ሁለት ዓይነት ብቻ በመሆኑ፣ በዲዲሚየም አይሪዲስ ከፍሬው ወንድማማቾች መካከል የሚጣጣሙት ግማሾቹ ናቸው። በፊሳረም ፖሊሴፋለም ሁለት ስፍራዎች በአንድነት መለያየት ስላለባቸው ዕድሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሥርዓቱ የቅርብ ዘመድ ጋብቻን የሚያጠብብ፣ የባዕድ ጋብቻን የሚያበረታታ ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባ ማኅበረሰብ ይህ አመክንዮ እንግዳ አይሆንም።

ሥርዓቱ ከጋብቻው በኋላም ሥራ አለው። ሁለቱ አሜባዎች ሲዋሐዱ ሁለቱም የየራሳቸውን ማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም የሕዋስ ኃይል ማመንጫ ይዘው ይመጣሉ። በፊሳረም ፖሊሴፋለም የአንደኛው ወገን የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በሰዓታት ውስጥ ይደመሰሳል። የማንኛው እንደሚቀር የሚወስነው ደግሞ ከመጣመሪያ ስፍራዎቹ አንዱ ነው። በሰው ልጅ ማይቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ እንደሚወረስ ሁሉ፣ ወንድና ሴት በሌለበት በዚህ ዓለምም ውርሱ ከአንድ ወገን እንዲሆን ይደረጋል።

አንዲት ስፖር ብቻዋን ስትደርስ

አሁን ወደ በረሃው እንመለስ። አንዲት ስፖር በነፋስ ተጉዛ፣ ከሌላው በብዙ መቶ ሜትሮች በራቀ አንድ የወደቀ ቁልቋል ላይ አረፈች እንበል። ዝናብ ዘነበ፤ በቀለች፤ ባክቴሪያ በላች፤ ሺዎች ሆነች። እነዚያ ሺዎች ግን ሁሉም የአንዲት ስፖር ቅጂዎች ናቸው፤ የመጣመሪያ ዓይነታቸውም አንድ ነው። በመካከላቸው ጋብቻ የለም። ሌላ ስፖር እዚያው ቁልቋል ላይ፣ በዚያው የእርጥበት ወቅት ካላረፈች ፕላዝሞዲየም የለም፤ ፍሬም የለም።

በእርጥብ ጫካ ይህ ትልቅ ችግር አይሆንም። ብስባሹ ተያያዥ ነው፤ እርጥበቱ ይቆያል፤ አሜባዎች ተንቀሳቅሰው ይገናኛሉ። በበረሃ ግን መኖሪያዎቹ በደረቅ ባሕር መካከል እንደተበታተኑ ደሴቶች ናቸው። በአንዱ ቁልቋልና በሌላው፣ በአንዱ በጠጥና በሌላው መካከል ያለው ምድር ለአሜባ የማይሻገር ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ችግር በዕፅዋት ላይ አስቀድሞ ያስተዋለው ኸርበርት ቤከር ነበር። እአአ በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ርቀው በሚገኙ ደሴቶች ላይ ተደላድለው የሚገኙ ዕፅዋት አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን በራሳቸው ማዳቀል የሚችሉት መሆናቸውን አመለከተ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብቻዋን የደረሰች አንዲት ዘር ትውልድ መመሥረት የምትችለው ተጓዳኝ የማያስፈልጋት ከሆነ ነው። ሐሳቡ ዛሬ "የቤከር ሕግ" በመባል ይታወቃል።

ስላይም ሞልዶችም ይህንን መንገድ ያውቁታል። ተመራማሪዎች አንዲትን ስፖር ለብቻዋ ሲያሳድጉ፣ በበርካታ ዝርያዎች ውስጥ ያለ ምንም ተጓዳኝ ፕላዝሞዲየም ሠርታ፣ ፍሬ አፍርታ፣ አዲስ ስፖር ስትበትን ተመልክተዋል።

ይህ በምን መንገድ ይሆናል? አንደኛው አማራጭ ከአንዲት ስፖር የተገኙ አሜባዎች እርስ በርሳቸው መዋሐዳቸው ነው። በሕዋሶቹ ውስጥ ያለው የዲኤንኤ መጠን ሲለካ ግን በአብዛኞቹ ሌላ ነገር ታየ። የአሜባውና የፕላዝሞዲየሙ ዲኤንኤ እኩል ሆኖ ተገኘ። መዋሐድ ቢኖር ኖሮ እጥፍ መሆን ነበረበት። ስለዚህ እነዚህ ስላይም ሞልዶች ክሮሞሶማቸውን ነጠላ የሚያደርገውን ሜዮሲስም፣ ጥንድ የሚያደርገውን ውሕደትም ትተውታል። አሜባው በቀጥታ ወደ ፕላዝሞዲየም ያድጋል። ልጁ የወላጁ ትክክለኛ ግልባጭ ነው። ሳይንቲስቶች ይህንን አፖሚክሲስ ይሉታል።

በቤተ ሙከራ ከሚታወቁት መካከል "ኮሎኒያ" የተባለው የፊሳረም ፖሊሴፋለም ነገድ ሌላ ፍንጭ ይሰጣል። በመጣመሪያ ስፍራው ላይ በተፈጠረ ለውጥ ምክንያት አሜባው ያለ ተጓዳኝ፣ ነጠላ ክሮሞሶሙን እንደያዘ ፕላዝሞዲየም መሥራት ይችላል። ከሁለት ወላጅ ወደ አንድ ወላጅ ለመሻገር መላው የሕይወት ዑደት እንደ አዲስ መቀረጽ አያስፈልገውም ማለት ነው፤ በአንድ ቁልፍ ስፍራ የሚፈጠር ለውጥ ሊበቃ ይችላል።

ድንበሩም የማይሻገር አይደለም። በዲዲሚየም አይሪዲስ ተጓዳኝ ፈላጊ የሆኑና ያልሆኑ ነገዶች በአንድ ስም ሥር ይገኛሉ። ከዚህም አልፎ ኮሊንስ እአአ በ1980 በዚሁ ዝርያ ውስጥ ከአንዱ የመራባት ስልት ወደ ሌላው መለወጥ እንደሚከሰት ዘግቧል። በመላው ዓለም በሰፊው በሚገኘው ዲዲሚየም ስኳሙሎሰም ውስጥም ሁለቱም ስልቶች ተመዝግበዋል።

የብቸኝነት ዋጋ

ተጓዳኝ ሳይፈልጉ መራባት ይህን ያህል ከጠቀመ፣ ሁሉም ለምን ወደዚያ አልሄዱም?

"ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም" እንደሚባለው፣ ብቻዋን የምትራባ ስላይም ሞልድ በአንድ ዝናብ ውስጥ የሚቀድማት የለም። ተጓዳኝ በመፈለግ የምታጠፋው ጊዜ የላትም፤ አጥታም አትቀርም። የሠመረላትን ዘረ መል ሳትበርዝ ለልጆቿ ታወርሳለች።

ዋጋው የሚከፈለው ቆይቶ ነው። በግልባጭ የሚራባ ዘር ከጊዜ ወደ ጊዜ በዘረ መሉ ላይ የሚፈጠሩ ጎጂ ለውጦችን ማጥራት ይከብደዋል። ወላጁ የነበረበት ጉድለት ሁሉ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ አዲስ ጉድለትም ይጨመራል። ከሁለት ወላጅ በሚደረግ መራባት ግን ጥሩው ከጥሩው ጋር ሊገናኝ፣ መጥፎው ከዘሩ ሊወጣ ይችላል። ሙቀቱ ቢጨምር፣ የዝናቡ ወቅት ቢዛባ፣ አዲስ ዓይነት ባክቴሪያ ቢመጣ፣ ልዩ ልዩ ልጆች ካሉት ወላጅ ቢያንስ አንዱ የመትረፍ ዕድል አለው። ልጆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን አንዱን የገደለው ሁሉንም ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ፆታ የመድን ዋስትናን ይመስላል። ክፍያው ዛሬ ነው፤ ጥቅሙ የሚታየው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። በረሃ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ስፍራ ነው። ዝናቡ አጭር በመሆኑ ፍጥነትን ይጠይቃል፤ ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥ በመሆኑ ደግሞ ልዩነትን ይጠይቃል።

ስላይም ሞልዶች ይህንን ቅራኔ በከፊል የሚያስታርቁት በመተኛት ነው። ስፖሩ፣ አሜባውና ፕላዝሞዲየሙ ሁሉም የየራሳቸው የድርቅ እንቅልፍ አላቸው። አሜባዋ በዚህ ዝናብ ተጓዳኝ ካጣች ተጠቅልላ ሌላውን ዝናብ መጠበቅ ትችላለች፤ እስከዚያው ነፋስ ሌላ ስፖር ወደ አጠገቧ ያመጣ ይሆናል። ጋብቻው በአንድ ዝናብ፣ ፍሬው በሌላ ዝናብ ሊሆን ይችላል። የእርጥበቱ ጊዜ አጭር ቢሆንም የተቆራረጡ ጊዜያት ተደማምረው አንድ ሕይወት ይሆናሉ።

የመራባት ስልታቸው ሳይንቲስቶችንም ያስቸግራል። ዝርያ የሚባለው በተለምዶ እርስ በርሱ መራባት የሚችል ወገን ነው። እርስ በርሱ ለማይጋባ ፍጥረት ግን ይህ መለኪያ አይሠራም። በሌላ በኩል በመልክ አንድ የሚመስሉት የተለያዩ ሆነው ይገኛሉ። እአአ በ2015 በጀርመን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ትሪኪያ ቫሪያ በሚባለው የተለመደ ዝርያ ውስጥ፣ በፆታ የሚራቡ ነገር ግን እርስ በርሳቸው የማይጋቡ ሦስት ወገኖች እንዳሉ የዘረ መል ማስረጃ አቅርበዋል። በዓይን አንድ ሆኖ የተቆጠረው በተግባር ሦስት ነበር።

ለደረቃማው የአፍሪካ ቀንድ ለምን ይጠቅማል?

ከኢትዮጵያ ምሥራቃዊ ቆላ እስከ ሶማሊያና ሰሜን ኬንያ ያለው ሰፊ ምድር ደረቅ ወይም ከፊል ደረቅ ነው። ከ2020 ማብቂያ እስከ 2022 ማብቂያ (እአአ) በነበሩት አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በቂ ዝናብ ባለመገኘቱ አካባቢው በአሥርት ዓመታት ያልታየ ድርቅ አስተናግዷል። ሚሊዮኖች የሚሆኑ ከብቶች ሞተዋል፤ አርብቶ አደሮች ቀያቸውን ለቀዋል።

ከዚህ መከራ አጠገብ በዓይን ስለማይታይ አሜባ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከዝናብ በኋላ ግጦሹ የሚያገግምበት ፍጥነት በከፊል የሚወሰነው በአፈሩ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ነው። ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን በአካላቸው ውስጥ ይይዛሉ። አሜባዎች ባክቴሪያዎቹን ሲበሉ የሚተርፋቸውን ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ይለቃሉ፤ የሣር ሥርም ይወስደዋል። ከአፈር የሚወሰድ የዘረ መል ናሙናን የመረመሩ ጥናቶች ስላይም ሞልዶች ከእነዚህ አሜባዎች መካከል ጉልህ ድርሻ እንዳላቸው አመልክተዋል። ለአርብቶ አደሩ ይህ ሥራ የሚታየው በሣር መልክ ነው።

እንግዲህ ከረዥም ድርቅ በኋላ ማን ይነቃል? ተጓዳኝ የሚያስፈልጋቸው ወይስ የማያስፈልጋቸው? ቁጥራቸው እጅግ ሲመናመን ተጓዳኝ ፈላጊዎቹ የመገናኘት ዕድላቸው ይቀንሳል፤ ብቻቸውን የሚራቡት ቦታውን ቀድመው ይይዛሉ። ድርቁ ሲደጋገም ግን የልዩነት ዋስትና ያላቸው ያስፈልጋሉ። የመራባት ስልት ጥናት ከቤተ ሙከራ አልፎ የደረቅ ምድርን ጽናት ለመረዳት የሚረዳው ለዚህ ነው።

በአካባቢው ጅምር አለ። ኬንያዊው ተመራማሪ ጆርጅ ንዲሪቱ ከአሜሪካውያን ባልደረቦቹ ጋር እአአ በ2009 በአፍሪካ የተመዘገቡ ስላይም ሞልዶችን ስም ዝርዝር ያሳተመ ሲሆን፣ በኬንያም የመስክ ቅኝት አካሂዷል።

ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሄንሪ ጊልበርትና ጆርጅ ማርቲን እአአ በ1933 ያስተዋወቁት ዘዴ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ከደረቅ ምድር የተሰበሰበ የግራር ቅርፊት፣ የወደቀ ቁልቋል ወይም የፍየል በጠጥ በወረቀት በተነጠፈ ክዳን ባለው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይቀመጣል። ንጹሕ ውኃ ይፈስበታል፤ በማግስቱ የተረፈው ውኃ ይደፋል። ከዚያ ለሳምንታት በአጉሊ መነጽር መከታተል ነው። ሳህኑ ሰው ሠራሽ የዝናብ ወቅት ይሆናል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ፍሬዎች ብቅ ይላሉ።

የተገኘው ስላይም ሞልድ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ከፍሬው አንዲት ስፖር ብቻ ነጥሎ ምግቧ ከሆኑት ባክቴሪያዎች ጋር ማሳደግ ይጠይቃል። አሜባዎቹ በዝተው ፕላዝሞዲየም ካልሠሩ ተጓዳኝ እየጠበቁ ነው። ፕላዝሞዲየም ከሠሩ ግን ብቻቸውን ሕይወትን ማስቀጠል ችለዋል። ኮሊንስ ከስድሳ ዓመታት በፊት የጠየቀው ጥያቄ ዛሬም የሚመለሰው በዚሁ መንገድ ነው።